የእህቴ ጨዋነት

ጤና አዳም ለሌላው ሰው ቡና ላይ የሚጣል ቅጠል ነው፤ ለእኔ ግን የጆሮ መድኃኒት ነው። ሰሞኑን ደሴ ላይ በጉልት መካከል ሳልፍ፣ አንዲት ሴትዮ የጤና አዳም እስሮቿን ውሃ እየረጨች ስትደረድር፣ ያ መራራ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገብቶ፣ የመጣሁበትን ጉዳይ አስረስቶ፣ ሐይቅ ዳር ወደነበረው የልጅነት ቤቴ ወሰደኝ። እማዬ ቅጠሉን በመዳፏ አሽታ፣ ለብ ያለ ዘይት ውስጥ ጨምቃ፣ ማንኪያውን በአንድ እጇ፣ ጥጡን በሌላው ይዛ ወደ እህቴ ወደ ሰዓዳ ስትመጣ ታየችኝ። ሰዓዳ ጭንቅላቷን እማዬ ጭን ላይ አጋድማ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቅ ነበር። ከጤና አዳሙ ሽታ ሥር ሌላ ሽታ ነበረ፤ የሰዓዳ ጆሮ የራሱ ሽታ፣ ታጥቦ ሳይደርቅ እንደተከደነ ቅል ያለ። ልጅ ሳለሁ የቤታችን ሽታ ይመስለኝ ነበር እንጂ የበሽታ ሽታ መሆኑን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ውሃው በሚያዘቀዝቅበት በኩል ነበር። አባዬ ከሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ምርቱን ገበያ አውጥታ ትሸጥ ነበር። ልጆቹ ሁለት ነበርን፤ ሰዓዳ ታላቄ፣ እኔ ሀያት ታናሿ። በሰፈሩ ግን በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም፣ «ራዲዮ» ነበር የሚሉኝ። ድምፄ ከጓሯችን ተነሥቶ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል እያሉ፣ አንዳንዴም «ቀንሽው እስቲ» እያሉ ጆሮዬን እንደ ራዲዮ ቁልፍ ይጠመዝዙኝ ነበር። ሰዓዳ ግን «ጨዋዋ» ነበረች። ሁለታችንን አንድ ማህፀን እንዴት እንዳፈራን ጎረቤቱ ሁሉ ይገርመው ነበር፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ተናድጃለሁ፣ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ፣ ንዴቱ ግን አሁን ሌላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከክረምት ነው። ዝናቡ ሲበረታ፣ ቤቱ በጭስና በእርጥብ ልብስ ሲታፈን፣ የሰፈሩ ልጆች ሁላችን በጉንፋን እንያዝ ነበር፤ የእኔ በአፍንጫዬ ወጥቶ ሲያልቅ የሰዓዳ ግን ወደ ጆሮዋ ይሄድ ነበር። ስታለቅስ፣ ጆሮዋን በመዳፏ ጨምድዳ ግድግዳ ላይ ስትደገፍ ውላ፣ በመጨረሻ ጆሮዋ ይፈነዳና መግሉ ትራሷ ላይ ይወርዳል፣ ሕመሙም ወዲያው ይተዋታል። እማዬ ትራሱን አይታ «አልሐምዱሊላህ፣ ወጣላት» ትል ነበር። በእኛ አገር የጆሮ መግል የሚወጣ ክፉ ደም ነው፤ እንዲፈስ ይተዋል እንጂ አይከለከልም፣ ከከለከሉት ወደ ራስ ይወጣል ይባል ነበር። ስለዚህ ይጠረግ ነበር እንጂ አይታከምም ነበር። በዶሮ ላባ ጠርገው፣ ጥጥ ወትፈው ይለቋት ነበር፤ ጥጥ የወተፈ ልጅ ደግሞ እንደ ንፍጣም ልጅ በየደጁ ስለነበረ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። «ስታድግ ይተዋታል» ይሉ ነበር ትልልቆቹ።

አንድ ክረምት ትኩሳቱ ስለጠናባት አባዬ አዝሏት ጤና ጣቢያ ወሰዳት። ሽሮፕና የጆሮ ጠብታ ሰጧት፣ እስኪያልቅ እንድትወስድም ነገሯት፣ እንደገናም እንድትመጣ አዘዙ። ጥቂት ቀን ወስዳ ፈሳሹ ሲቆም ግን፣ ዳነች ተብሎ መድኃኒቱ ተደፋ፤ አባዬም ጠርሙሱን አጥቦ፣ ክዳኑን በስቶ፣ ክር ከትቶ ኩራዝ ሠራበት። ኩራዙ ብዙ ዘመን አገለገለን፤ እንደገና ትምጣ የተባለችው ልጅ ግን አልተመለሰችም።

መስከረም ሲጠባ የግሸን ማርያም ተሳላሚዎችን የጫኑ አውቶቡሶች በሐይቅ በኩል እየዘመሩ ያልፉ ነበር። ጎረቤታችን እትየ ሙሉ በየዓመቱ ከእነሱ ጋር ትሄድ ነበር፤ ስትመለስ ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ጸበል ይዛ፣ መጀመሪያ የምትገባው እኛ ቤት ነበር። ሰዓዳን አስቀምጣ ጆሮዋን ከውጭ እየዳበሰች «የግሸኗ ትማርሽ» ስትል፣ እማዬ እጇን ዘርግታ «አሚን» ትል ነበር። ከእርሷ በፊት ደግሞ ሸሁ ዱዓ አድርገውላት ነበር። በዚያ ዓመት ጆሮዋ በጋውን ሙሉ ሳይፈስ ከረመ። እማዬ «የሸሁ ዱዓ ነው» ስትል፣ እትየ ሙሉ «ኧረ እሷ ናት፣ አትካጂያት» እያለች፣ ሁለቱ እየተቀላለዱ ሲሻሙበት ትዝ ይለኛል። ማንም ያላስተዋለው አንድ ነገር ቢኖር፣ ሰዓዳ ዝም ማለት የጀመረችው ጆሮዋ ከደረቀ በኋላ መሆኑን ነው።

በጋ ላይ የአባዬ የውሃ ሞተር ከሐይቁ ውሃ እየሳበ፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ሲጮኽ ይውል ነበር። በዚያ መካከል ሰዓዳ ቦዩን ስትከፍት፣ እኔ ስዘጋ፣ ለመነጋገር መጮኽ ግድ ነበር። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግን ለእሷ የምጮኸውን ማቆም አቃተኝ፤ ድምፄን ዝቅ ካደረግሁ ፊቴን ታያለች እንጂ አትመልስልኝም፣ ከፍ ካደረግሁ ትመልስልኛለች። ልጅ ነገሩን አይመረምርም፣ የሠራለትን ይይዛል፤ እኔም መጮኽ ሠራልኝና ያዝኩት። በዚህ ምክንያት እኔ ራዲዮ ሆንኩ፣ እሷ ጨዋ ሆነች፤ የሁለታችን ስም ከአንድ ጆሮ የወጣ መሆኑን ያወቀ አልነበረም።

ጨዋነቷ ደግሞ ማስረጃ አላጣም። መንገድ ላይ ጎረምሶች ቢጠሯት፣ ቢያፏጩላት ዞር አትልም ነበር፤ «አንገቷን ደፍታ የምትሄድ የሰው ልጅ» ተባለላት። በረመዳን መግሪብ ሲቃረብ ሁላችን ጆሯችንን ወደ መስጂዱ አቅንተን አዛኑን ስንጠብቅ፣ እሷ የእማዬን እጅ ታይ ነበር፤ እማዬ ተምሩን ስታነሣ እሷም ታነሣለች። እኔ አዛኑ ሳይጀመር ጎርሼ ስመታ፣ ሰዓዳ ለሰብሯ፣ ለትዕግሥቷ፣ ተመሰገነች። በጥር ሰርግ ሲሆን ከሴቶቹ መካከል ቆማ ታጨበጭብ ነበር፣ ጭብጨባዋ ግን ሁልጊዜ ከሌላው ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ዓይኗ የሌሎቹ መዳፍ ላይ ነበር። እሱም ቢሆን «ታፍራለች» ተባለ። ትምህርት ቤት የደረጃዋ ነገር ከዓመት ዓመት ሲያሽቆለቁል፣ መምህሯ አባዬን አስጠርቶ ልጅቷ ጨዋ መሆኗን፣ ልቧ ግን ሌላ ቦታ መሆኑን ነገረው። አባዬ የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ደስ ብሎት ተመለሰ። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ስትተወው ማንም አልከለከላትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ አገሩ ሁሉ ስለ ሰዓዳ እያወራ፣ ወሬው ያልደረሳት እሷ ብቻ ነበረች።

እውነቱን የተናገረ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ተሳዳቢ ነው። በገበያ ቀን እማዬ ሽንኩርት ተሸክማ ከፊት፣ ሰዓዳ ከመካከል፣ እኔ ከኋላ ሆነን የአስፋልቱን ዳር ይዘን ስንሄድ፣ አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን መጣ። ጡሩምባውን ነፋ፣ እንደገናም ነፋ፤ እኔ ወደ ዳር ዘለልኩ፣ እማዬም ዘለለች፣ ሰዓዳ ግን አፈሩ ስለሻከራት ነው መሰለኝ ጭራሽ ወደ አስፋልቱ ገባች። ሾፌሩ ፍሬኑን ሲረግጥ የጎማው ሽታ ተነሣ፤ መኪናው ልብሷን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። እሷ ዞር ያለችው ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ ሲያይ አይታ ነው። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «ደንቆሮ ነሽ እንዴ? አትሰሚም?» አላት። እማዬ ሸክሟን አውርዳ እንደ ነብር ተቆጣችው፤ ልጇ ጨዋ መሆኗን፣ እሱ ባለጌ መሆኑን፣ ያሳደገችውን እንደምታውቅ ነገረችው። ደንቆሮ የሚለው ቃል ስድብ ባይሆን ኖሮ እማዬ ያኔ ትሰማው ነበር ብዬ አስባለሁ። ገበያ ስንደርስ ደግሞ ያዩት ሴቶች «አይ ልጅ፣ ትንሽ እንኳ አልደነገጠች» እያሉ ተደነቁባት።

እኔም ተናግሬ ነበር። ሰዓዳ አትሰማም ብዬ ለእማዬ ነገርኳት፤ አንዴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ። እማዬ የምትለቅመውን ምስር ሳታቆም፣ «አንቺ ስለምትጮኺ ሰው ሁሉ ደንቆሮ ይመስልሻል» አለችኝ። ለአባዬ ስነግረው ደግሞ ሳቀ፤ ራዲዮው ዛሬ ምን አዲስ ዜና አለው አለ። ብዙ የሚያወራ ሰው እውነት ሲናገር አይታመንም፤ ያን ጊዜ ተማርኩት።

በልግ ላይ ዝናቡ ጣል ጣል ሲያደርግ፣ የእማዬን አባት አባባ ይማምን ለመጠየቅ ወደ አምባሰል እንወጣ ነበር። ውጫሌ ድረስ በመኪና ሄደን፣ ከዚያ በእግር ነበር። አባባ ይማም ካረጁ ወዲህ ጆሯቸው አይሰማም፤ ይህን ደግሞ አገሩ ሁሉ ያውቀው ነበር፣ የሚያፍርበትም አልነበረም። የገባ ሰው ሁሉ አጠገባቸው ተቀምጦ፣ አፉን ጆሯቸው ሥር አድርጎ እየጮኸ ሰላም ይላቸው ነበር። እሳቸውም ሰው ሁሉ እንደሳቸው የማይሰማ ስለሚመስላቸው እየጮኹ ይመልሱ ነበር። ሰዓዳ እዚያ ስትሄድ ሌላ ሰው ትሆን ነበር። ከእሳቸው ጎን ተለጥፋ፣ ሁለቱ እንደሚጣሉ ሰዎች እየተጯጯኹ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ገብሱ፣ እማዬ ልጅ እያለች ስላደረገችው ሁሉ ያወሩና ይስቁ ነበር። በዓመት የማትናገረውን በሁለት ቀን ስትናገር ያዩት ዘመዶች፣ ለሽማግሌ ስላላት አክብሮት ዱዓ አደረጉላት። ሽማግሌ ሲደነቁር ሁሉም ያውቃል፤ ልጅ ግን ትደነቁራለች ብሎ ያሰበ ሰው ከመካከላቸው አልነበረም።

አንድ በልግ አክስታችን ዘሀራ ከጅዳ ደወለች። ዘሀራ ሰው ቤት እየሠራች ብዙ ዓመት የኖረች የአባዬ እህት ናት፤ አሠሪዎቿ ለዘመዳቸው ቤት ሌላ ልጅ ይፈልጉ ነበር። ስልኩ ለሰዓዳ ሲሰጣት በቀኝ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ትንሽ ጠብቃ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ ትንሽ ጠብቃ «እሺ» ትላለች፣ ደግሞ «አልሐምዱሊላህ» ትልና ትመልሳለች። ሁልጊዜ እንዲሁ ነበር። ዘሀራ ለአባዬ፣ እንዲህ ያለ ምላስ የሌላት ልጅ ዓረብ ቤት ወርቅ ናት፣ ከአሠሪ የሚያጣላው አፍ ነው፣ እሷ ደግሞ የላትም አለችው። አባዬም እማዬም ደስ አላቸው፤ ፓስፖርት እንዲወጣ፣ ከክረምቱ በኋላ እንድትሄድ ተቆረጠ። ጨዋነቷ ለሰው አገር አጫት።

እማዬ ይህን የነገረቻት ጎንበስ ብላ ግቢ ስትጠርግ ነበር። ሰዓዳ «እሺ» አለች። እኔ ተከትያት ወደ ጓሮ ሄጄ ምን እንዳለቻት ታውቅ እንደሆነ ስጠይቃት፣ ፊቴን አየችና «ምን አለችኝ?» አለችኝ። ጮኼ ነገርኳት። ጅዳ፣ ሰው ቤት፣ ከክረምት በኋላ። እጇ ላይ የነበረውን ባልዲ ቀስ ብላ አስቀመጠች። እንደምትፈራ፣ አልሄድም እንደምትል፣ ቢያንስ እንደምታለቅስ ጠብቄ ነበር፤ እሷ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ «ምን አጠፋሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አላጠፋሽም አልኳት። ጥያቄው ግን ለምን እንደመጣ አልገባኝም፤ ለብዙ ዓመትም አልገባኝም።

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ቤታችን ገባ፤ የገባው ግን እኔ ላይ ብቻ ነበር። የዘሀራ ታሪኮች ሁሉ ትዝ ይሉኝ ጀመር፤ በር ተቆልፎባት የዋለችው ልጅ፣ ከላይኛው ፎቅ ተጠርታ ዘግይታ በመውጣቷ የተመታችው። ሰዓዳ ከኋላዋ ሲጠሯት፣ በማታውቀው ቋንቋ፣ በማታውቀው ቤት፣ ዞር ሳትል ታየኝ ነበር። እዚያ ማንም ጨዋ አይላትም። ይህንንም ለእማዬ ነገርኳት፣ እሷም በእህትሽ እንጀራ አትቅኚ ብላ ገሠጸችኝ።

ክረምቱ ገባ። ጆሮዋ እንደገና መፍሰስ ጀመረ፣ ሽታውም ከበፊቱ ከፋ። እማዬ ግን ክፉው ከጉዞው በፊት ተጠርጎ ይውጣላት ብላ ይበልጥ ደስ አላት፤ ጤና አዳሙም በየቀኑ ይሞቅ ነበር። ሰዓዳ ሻሿን ከወትሮው አጥብቃ ማሰር ጀመረች። ከተቀመጠችበት ስትነሣ ግድግዳ ትይዝ ነበር። ራሷን እያዞራት እንደሆነ ለእኔ ብቻ ነገረችኝ። አንድ ቀን መግሉ ሳይታሰብ ቆመ፤ እማዬ አላህን አመሰገነች፣ ሰዓዳ ግን በዚያው ቀን ምግብ አስጠላት። ውጭ ዝናቡ ሳያባራ ይወርድ ነበር፤ ሐይቁም ሞልቶ የአባዬን የታችኛውን መደብ ውጦት ነበር።

መርዶው የመጣው በዚያ ሰሞን፣ ገና ሲነጋጋ ነው። ከአምባሰል የመጡ ሁለት ዘመዶች የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስከትለው ደጃችን ላይ ቆሙ። እማዬ ገና ሲገቡ አይታ አወቀችው፤ እነሱም አባባ ይማም ማምሻውን ማለፋቸውን፣ ቀብሩ በዚያው ቀን እንደሆነ ነገሯት። እማዬ ጮኸች። የእማዬን ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ግድግዳው የተሰነጠቀ መሰለኝ። ወዲያው ጎረቤቱ ነቅሎ መጣ፣ እትየ ሙሉ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ እያለቀሰች ገባች፣ ግቢው በአንድ ጊዜ በዋይታ ተሞላ።

ሰዓዳ ጓሮ ነበረች። ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ፣ ዝናቡ ቆም ሲል ጠብቃ፣ ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ፣ ድንጋይ ላይ የአባዬን ልብስ ታጥብ ነበር። ከዋናው ቤት እስከ እሷ ያለው መንገድ ለአንድ ድንጋይ ውርወራ እንኳ አይበቃም። ሴቶቹ በጎን በኩል ሲመጡ አዩዋት። ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ አባባ ይማም እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚያዩዋት ልጅ፣ ልብሱን እያሸች፣ እየጨመቀች፣ ረጋ ብላ ታሰጣ ነበር። አንዷ ሌላዋን ነካች፤ ሌላዋም ቆመች። ለዓመታት ያመሰገኗት ሴቶች በአንድ ቅጽበት ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። እትየ ሙሉ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ «ምን ዓይነት አንጀት ነው ይህቺ ልጅ የተሰጣት?» አለች።

እማዬ ይህን ሰማች። ከያዟት ሴቶች እጅ ወጥታ፣ በባዶ እግሯ ጭቃውን እየረገጠች ወደ ጓሮ ሄደች፤ ልትመታት መስሎኝ ተከተልኳት። ከሰዓዳ ኋላ ቆመች።

«ሰዓዳ፣ አባባ ሞቱ እኮ» አለች።

ሰዓዳ ሸሚዙን አራገፈች።

«ሰዓዳ!»

ሸሚዙን ገመዱ ላይ ዘረጋችው። እማዬ ያን ጊዜ ልቅሶዋ ከአፏ ላይ ቆመ። ግቢው ሁሉ እየጮኸ እሷ የልጇን ጀርባ እያየች ቆየች። ከዚያ ስሟን እንደገና ጠራች፣ አሁን ግን በጣም በቀስታ፣ እንደማትሰማት እያወቀች። ሰዓዳ ሌላ ልብስ ልታነሣ ዞር ስትል እናቷን አየች፤ ፊቷን፣ የተፈታ ጸጉሯን፣ ባዶ እግሯን አየች። «እማ! ምን ሆንሽ? ማን መታሽ?» ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ልክ እንደ እኔ ድምፅ ከፍ ያለ ነበር። እማዬ ሳትመልስ እጇን ዘርግታ ሻሿን ፈታችው። ከግራ ጆሮዋ ኋላ ያለው ሥጋ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ጆሮዋን ወደ ፊት ገፍቶ አቁሞት ነበር። እማዬ እርጥቡ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሐይቅ ላይ ብዙ ጊዜ የተወራበት ነው። እማዬ የአባቷን ቀብር ትታ ቀረች። ወንዶቹም አባዬም ወደ አምባሰል ሲወጡ፣ እሷ ሰዓዳን ይዛ ወደ ደሴ ሄደች፤ እኔንም «ሰዓዳ የምትሰማው አንቺን ነው» ብላ አስከተለችኝ። ሐኪም ቤት ሐኪሙ ሲጠይቅ እኔ በሰዓዳ ቀኝ ጆሮ እየጮኽኩ አስተላልፍ ነበር፤ በሕይወቴ ቀንሽ ያልተባልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ሐኪሙ በብርሃን አየ፣ እንደገናም አየ፣ ከዚያ ከጆሮዋ ኋላ ያለውን አጥንት መግሉ እየበላው መሆኑን፣ ከአጥንቱ አልፎ ወደ አንጎሏ ሊገባ ጫፍ ላይ መድረሱን ነገረን። ወደ ራስ ይወጣል የተባለው እውነት ነበር፤ የሚወጣው ግን ስለከለከሉት ሳይሆን ስላልታከመ ነበር። ለምን እስከዚህ እንደቆየች እማዬን ጠየቃት፤ የተቆጣም ይመስል ነበር። እማዬ መሬት መሬት እያየች፣ «ጨዋ ናት ብዬ ነው» አለችው። ሐኪሙ አልገባውም፣ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። 

ወደ አዲስ አበባ ተላከች፤ እዚያ ተቀድዳ አጥንቱ ተጠረገ፣ ነፍሷም ተረፈች። የግራ ጆሮዋ ግን ለዘለዓለም ተዘጋ፤ የቀኙም ግማሹ ብቻ ቀረ። የጅዳው ጉዳይ ሳይነሣ ቀረ። ስትመለስ ሰፈሩ አሁን ሌላ ስም አወጣላት፣ አዝነው ነው ግን ያው ሾፌሩ የተናገረውን ቃል። ስድቡ እውነት ሆኖ ሲገኝ እንዴት እንደሚያም ያን ጊዜ አየሁ።

ዛሬ ሰዓዳ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ቀኝ ጆሮዋ ላይ ትንሽ መሣሪያ ታደርጋለች፣ ስትቆጣ ታወልቀውና ከሰው ሁሉ ታርፋለች። እኔ ደሴ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ፣ ሳይረብሽ፣ የጓደኛውን ደብተር እያየ የሚገለብጥ ልጅ ሳይ፣ ሌሎች መምህራን እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ሲሉ፣ እኔ ወላጅ አስጠራለሁ፤ አንዳንዱ ይሰማኛል፣ አንዳንዱ ልጄን ደንቆሮ አለችብኝ ብሎ ከስሶኝ ያውቃል። ክረምት ሲመጣ ጥጥ የወተፈ ልጅ ዛሬም ከየደጁ አይጠፋም፣ ዛሬም «ስታድግ ይተዋታል» ሲሉ እሰማለሁ።

ባለፈው የዒድ በዓል ሁላችን ሐይቅ ተሰብስበን፣ ስለ ድሮው ስንጫወት፣ ለዘመናት ያልጠየቅኋትን ሰዓዳን ጠየቅኋት። እንደማትሰማ ታውቅ ነበር ወይ? ካወቀችስ ለምን ለእማዬ አልነገረቻትም? እማዬ ከአጠገባችን ምንጣፍ ላይ ነበረች።

ሰዓዳ መርፌዋን አስቀምጣ አሰበች። «ኧረ በምን አውቀዋለሁ?» አለች። «ያኮረፋችሁኝ ነበር የመሰለኝ። መጀመሪያ እማ ዝም አለችኝ፣ ከዚያ አባ፣ ከዚያ ሰፈሩ። የሚያናግሩኝ አንቺና አባባ ይማም ብቻ ነበራችሁ። አንድ ነገር አጥፍቻለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ የለም እያልኩ፣ ልብሱን ሳጥብ፣ ውሃውን ስቀዳ፣ አንድ ቀን ይታረቁኛል እያልኩ ነው የኖርኩት። ጅዳ ስትሉኝ አባረሩኝ ብዬ ነበር።»

እየሳቀች ነው የተናገረችው፤ ለእሷ ያለፈ የልጅነት ሞኝነት ነው። እኔም ልስቅ ጀምሬ እማዬን ሳይ አቆምኩ። እኛ ቤት ኩርፊያ ከዱላ ይብስ ነበር፤ አባዬ ሲያኮርፍ ቤቱ ሁሉ እንደሚጨንቀው ሁላችን እናውቃለን። ሰዓዳ ያን ጭንቀት ብቻዋን፣ ከልጅነቷ እስከ ጉርምስናዋ፣ ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ተሸክማው ኖራለች። ያመሰገንነው ጨዋነት፣ ሳታውቀው ለበደለችው በደል የምታቀርበው ይቅርታ ነበር።

ድሮ በቤታችን ሰው የሚጠራው ከሩቅ ነበር፤ እማዬ ከማጀት፣ አባዬ ከመደቡ፣ እኔ ከየትም። አሁን ከሩቅ የሚጣራ የለም። ባለቤቴ ከእኛ ጋር ሲሰነብት ይገርመዋል፤ አንዳችን ሌላውን ስንፈልግ ከያለንበት ተነሥተን እንሄዳለን፣ ፊት ለፊት እንቆማለን፣ ከዚያ እንናገራለን። እማዬ አርጅታለች፣ ጉልበቷም ያማታል፤ ቢሆንም ከዚያ ዒድ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ምርኩዟን ይዛ ሰዓዳ ሱቅ ድረስ ትሄዳለች። ከስፌት መኪናው ፊት ትቆምና፣ የልጇ ዓይን ወደ እሷ እስኪነሣ ጠብቃ፣ ከሰላምታ በፊት «አላኮረፍኩሽም» ትላታለች። ሰዓዳ በየቀኑ ትስቃለች። እማዬ ግን ለሳቅ አይደለም የምትለው።